ሚኒባሱ ቤት የሆነበት ዓመት

መዶሻው ሲጮህ ትሰፋለች፤ መዶሻው ጸጥ ሲል እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ይነሳል። ያን ዓመት ኑሮዋ እንዲህ ነበር። ሌላውን ሰው ጩኸት ያስደነግጠዋል፣ እሷን ግን የሚያስደነግጣት ዝምታ ነው። ከስፌት ክፍሏ መስኮት ወደ ግቢው ስትመለከት የሚታያት በእንጨት ጉማጆች ላይ የተሰቀለ አሮጌ ሚኒባስና ከሥሩ የወጡ የባሏ ሁለት እግሮች ናቸው። እግሮቹ ከተንቀሳቀሱ እሰየው። ካልተንቀሳቀሱ መቀሷን ጥላ ትወጣለች።

አንድ ቀን እንዲሁ ዝም ሲልባት ሮጣ ወጥታ ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ጎተተችው። ባሏ ከሻንሲው ሥር ሆኖ፣ «ተይ እንጂ፣ እያሰብኩ ነው» አላት። «ድምፅ እያወጣህ አስብ» ብላው ተመለሰች። 

ሙያዋ መጋረጃና የወንበር ልባስ መስፋት ነው። ባሏ «ጥንቄ» ይላታል። በሩን ቆልፋ ከሄደች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ ገፍታ የምታይ፣ ምድጃውን አጥፍታ ደግማ የምትዳስስ ሴት ስለሆነች ከጥንቃቄ ያወጣላት ስም ነው። ስሙ ተለመደና ጎረቤቱም ደንበኛውም ጥንቄ ይላት ጀመር። እሱን ደግሞ ሁሉም «ሾፌሩ» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ሚኒባስ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። በመስታወት ገረፍ አድርጎ አይቶ ማን የት እንደሚወርድ ያውቃል። አሮጊት ከተሳፈረች ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ ይሄድላታል፤ ጎረምሳ ከሆነ ግን ዝም ብሎ ይገባበታል።

አንድ ማለዳ ፀጉሩን ሲያበጥር ማበጠሪያው ከግራ እጁ ወደቀ። ላንሳው ብሎ ጎንበስ ሲል ራሱም አብሮ ወደቀ። ሆስፒታል የደረሰው በሌላ ሰው መኪና፣ ጭንቅላቱን የጥንቄ ጭን ላይ አስደግፎ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ የደም ሥር ተዘግቶ እንደነበር ተነገራቸው። አፉ ቶሎ ተስተካከለ፣ እግሩም በከዘራ ይሄድለት ጀመር። ግራ እጁ ግን ዕቃ ይይዝና ሳያስበው ይለቃል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ፣ ከእንግዲህ መሪ እንዳይነካ አስጠነቀቀው። ሾፌሩ ግን፣ ሰውየው የተናገረው ስለ ሌላ በሽተኛ ይመስል ግድግዳውን ሲያይ ቆየ።

ሚኒባሱ ግቢው ውስጥ ቆመ። እንግዛህ የሚሉ መጡ፤ ሁሉንም ከበር መለሳቸው። ጥንቄ፣ ቁስሉ ገና ነው፣ ይቆይለት ብላ ተወችው።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ነርስ ናት። የራሷ ባል ከሞተ በኋላ ከአንድ ትልቅ ተራራ ጀርባ ባለ ጤና ጣቢያ ተመድባ ሄደች። እዚያ ለልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ስላልነበረ ሴት ልጇን ለእናትና ለአባቷ ትታላቸዋለች። ሚጣ ይሏታል፤ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ናት። አውቶቡስ የሚሄደው ከተራራው በታች እስካለችው ትንሽ ከተማ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት የጭነት መኪናና ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት ፎር ዊል ካልሆነ አይደፍረውም። ቢደርሱስ የት ያድራሉ? የነርሷ ክፍል አንድ ጠባብ አልጋ የምትይዝ ናት። እሷም ተተኪ ሲገኝላት ብቻ ትመጣለች፤ መጥታም ልጇ ሳትጠግባት ትሄዳለች። ሚጣ መጀመሪያ ላይ እናቷ መቼ እንደምትመጣ ትጠይቅ ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወችው። ጥንቄን የከነከናት መተዉ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሾፌሩ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «መኪናውን ፎር ዊል አደርገዋለሁ፤ ውስጡን ደግሞ ቤት» አለ። አልጋ፣ የምድጃ ቦታ፣ የውኃ በርሜል ሁሉ በሐሳቡ ሠርቶ ጨርሶ ነበር። ሚጣን ይዘው እናቷ በር ላይ ሄደው ያድራሉ።

ጥንቄ መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን አቆመች።

«ማን ሊነዳው?»

ሾፌሩ ማንኪያውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ። ጠየቀችው፤ ጨው አቀብይኝ አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፏ ሳሳ። ባሏን ታውቀዋለች። እልኸኛ ነው፤ ሐኪም ቀርቶ ዘመድ አዝማድ ቢሰበሰብ ካሰበው አይመልሰውም። መኪናው አልቆ አንድ ጠዋት ልጅቷን ከኋላ አስቀምጦ ሲነሳ ይታያታል። ዳገቱ መሐል ያ ግራ እጁ መሪውን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ ስለማትችል ተነስታ ያጠበችውን ዕቃ እንደገና ታጥባለች።

ሥራው ተጀመረ። በያጁ ወዳጁ መጣ፤ ከማዝገሙ የተነሳ «ችኮላ» የሚል ስም የወጣለት ሰው ነው። ችኮላ አንድ ብሎን ፈትቶ ያስቀምጥና እንደ ጠፋ ዘመድ ትክ ብሎ ያየዋል። ሆኖም የበየደው ነገር ሲላቀቅ ያየ የለም። ሾፌሩ እንዳይሸከም ተከልክሏል፣ እንዳይጎነበስም ተመክሯል። ሁለቱንም ያደርጋል። ወንበሮቹ ተነቅለው ግድግዳ ሥር ተደረደሩ፤ የሰፈር ድመቶች ተከፋፈሏቸው። ሚኒባሱ ከመሬት ከፍ እንዲል ወፍራም ባሌስትራ ገባለት። የፊት ጎማውን የሚያሽከረክረውን አክስልና ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ትራንስፈር ችኮላ በጋሪ አስጭኖ አመጣ።

ጥንቄ ከየት እንዳገኘው ጠየቀችው። ገደል ከገባ ፒክአፕ ላይ እንደፈታው ነገራት። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ገደል የገባው ሾፌሩ ነው እንጂ አክስሉ ምን አደረገ?» አላት። ሊያጽናናት ነበር። ያን ሳምንት ምግብ አልበላ አላት።

ሌላ መላ ስታጣ አንድ ነገር አደረገች። ልብሷን ለብሳ፣ የልኬት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ የመኪና መንዳት ትምህርት ቤት ሄዳ ተመዘገበች። ሐሳቧ አጭር ነው፤ ያ ቀን ሲመጣ ቁልፉን ከእጁ ነጥቃ፣ እኔ እነዳለሁ ትለዋለች። እስከዚያ ግን ማንም መስማት የለበትም። ለባሏ፣ የአንድ ትልቅ ቤት መጋረጃ ልትሰፋ ስለሆነ ለልኬት እየሄደች እንደሆነ ነገረችው። ዋሽታው ስለማታውቅ የቤቱን መስኮት ስፋት ሳይቀር፣ ሳይጠይቃት ዘረዘረችለት።

ማሠልጠኛ መኪናው ላይ ስትቀመጥ መሪውን አንቃ ትይዘዋለች፤ አሠልጣኙ ሽበታም፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ «እትዬ፣ መሪው የትም አይሄድም፣ ትንሽ ላላ ያድርጉለት» ይላታል። ሞተሩ በጠፋባት ቁጥር ይቅርታ የምትጠይቀው አሠልጣኙን አይደለም፤ መኪናውን ነው። ዕድሜዋ አብረዋት ከሚማሩት ልጆች ሁሉ ይበልጣል፤ እነሱ ግን ሲሳሳቱ ይስቃሉ፣ እሷ ስትሳሳት ሚጣ ከኋላ ተቀምጣ ትታያታለች። መጀመሪያ ስትፈተን ወደኋላ ስትሄድ ለፈተናው የተተከለውን እንጨት ገጭታ ወደቀች። ቤት ገብታ ሽንኩርት እየላጠች አለቀሰች፤ ሽንኩርቱ ረዳት። ሁለተኛ ስትፈተን አለፈች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በዚህ መሐል ሚኒባሱ እየተለወጠ ሄደ። ወለሉ በኮምፐርሳቶ ጣውላ ተለበጠ። ከኋላ የሚዘረጋ አልጋ፣ ለሚጣ ደግሞ ከላይ እንደ መደርደሪያ ያለች መኝታ ተሠራላት። ጥንቄ ፍራሾቹን አለበሰች፤ እምቢ እያለችም ቢሆን ስፌቱን ድርብ አድርጋ ሰፋችው። ቢያንስ አጠገቡ ተቀምጣ ስትሰፋ አተነፋፈሱን ትሰማለች።

የመስኮቶቹን መጋረጃ ስትለካ ነው ነገሩ የተገለጠላት። የፊቱን መስታወት ለመለካት ከመሪው ኋላ ገብታ ተቀመጠች። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ባሏ ረጅም ነው፤ እሷ አጭር። እግሯ ግን የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ደልቶት ቁጭ አለ። ፍሬኑንም ረገጠችው፤ ደረሰላት። ጎንበስ ብላ ስታይ ወንበሩ ወደ ፊት መጥቷል፣ ከፍም ብሏል፣ የተቀመጠበት ብረት አዲስ ብየዳ ነው። ሜትሩን ይዛ ቀና አለች።

ሾፌሩ ከዘራውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል። ስትመለከተው ዓይኑን ወደ ጎማው መለሰ።

«የትልቁ ቤት መጋረጃ አለቀ?» አላት።

«አንተ መቼ አወቅህ?»

«ከጅምሩ። አሠልጣኝሽን ለስንት ዓመት ያመላለስኩት እኔ ነኝ። የተመዘገብሽ ዕለት ማታውኑ ነው የነገረኝ።»

ተናደደች። ዝም ብሎ ያን ሁሉ ውሸት ሲያስወሸክታት መክረሙ አበገናት። ከወንበሩ ሳትወርድ፣ እኔ እንቅልፍ ሳጣ አንተ ጨው አቀብይኝ ትለኛለህ ወይ ብላ ወረደችበት። ሾፌሩ ሳያቋርጣት ሰማት። ስትጨርስ ግራ እጁን በቀኝ እጁ አንስቶ የመኪናው በር ላይ አሳረፈው።

«ሳልነዳት መኖር እችላለሁ» አለ፤ «ሌላ ሰው ሲነዳት ማየት ግን አልችልም።»

«እና እኔስ?»

«አንቺ ደግሞ ሌላ ሰው ነሽ እንዴ?»

ጥንቄ መስታወቱን ሁለት ጊዜ ለካችው፤ ሁለቱም ጊዜ ቁጥሩ ተረሳት።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ የቀለላት የመሰለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ቀድሞ የምትፈራው የሱን እጅ ነበር፤ አሁን የራሷን ሆነ። ሾፌሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ያለማምዳት ጀመር። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ችኮላ የተከላት አጭር ዱላ አለች፤ እሷን ስትስቢያት የፊት ጎማዎቹም ይጎትታሉ ብሎ አሳያት። ተጣሉ፣ ተኳረፉ። አንድ ጊዜ ከመኪናው ወርዳ በእግሯ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ከዘራውን እያንቋቋ ተከተላትና፣ መኪናውን ትቼው ብመጣ ይሰርቁታል፣ እባክሽ ተመልሰሽ ንጂው አላት። መለሳት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ተነሱ። ሚጣ የደስታዋን ያህል አልጮኸችም፤ ከኋላ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሊወርድ እንደተዘጋጀ መንገደኛ ቁጭ አለች። አስፋልቱ ላይ ደህና ሄዱ። ከተራራው በታች ያለችው ከተማ ሲደርሱ ግን የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ቆመው አገኟቸው። ከትናንት በስቲያ ያልታሰበ ዝናብ ወርዶ ዳገቱ ጭቃ ሆኗል አሏቸው ነጂዎቹ። አንዳንዶቹ ነገ ይደርቃል፣ አንዳንዶቹ ሳምንት ይፈጃል ይላሉ። አንዱ ጥንቄን ከመሪው ኋላ ሲያይ ወደ ሾፌሩ ዞሮ፣ «አባት፣ እርስዎ ራስዎ ይያዙት እንጂ» አለ። ሾፌሩ፣ ባለመኪናዋን ጠይቃት ብሎ ወደሷ አመለከተው።

ልቧ ተመለሺ ይላታል። አፏን ልትከፍት ስትል ሚጣ ከኋላ፣ «እማማ፣ ከዚህ ጀርባ ነች አይደል?» አለቻት።  ጥንቄ አጭሯን ዱላ ሳበቻት።

የዳገቱ መጀመሪያ አልከፋም። የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን ሲነክሱ በመሪው በኩል እጇ ድረስ ይሰማታል። መሐሉ ላይ መንገዱ ይታጠፋል፤ በቀኝ ተራራ፣ በግራ ባዶ ነው። እዚያ ጋ አንድ ከባድ መኪና የቆፈረው ጎድጓዳ የጎማ ዱካ ነበር። ልትሸሸው ስትል ነዳጅ አሳነሰችና ሞተሩ ጠፋ። ዝም አለ። ያ የምትጠላው ዝምታ መጥቶ መኪናውን ሞላው። ከዚያ ሚኒባሱ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረ።

ፍሬኑን በሙሉ ክብደቷ ረገጠችው። ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሾፌሩ በቀኝ እጁ ስቦት ነበር።

«አትልቀቂው» አላት። ድምፁ አሮጊት ተሳፋሪን የሚያወርድበት ድምፅ ነበር። «ይዘሻታል። አሁን ተንፍሺ።»

«ልጅቷን ይዘህ ውረድ» አለችው።

«ብቻሽን?»

«ውረዱልኝ። እናንተ ካላችሁ አልችልም።»

አልተከራከራትም። በተራራው በኩል ወረደ፣ ሚጣንም አወረዳት። ጭቃው ውስጥ ተያይዘው በመስታወቱ አየቻቸው፤ ከዚያ ዓይኗን ነቀለች። ሞተሩን አስነሳች። ስታስበው ከነበረው ሁሉ አንዱም ትዝ አላላትም። የታያት ከፊቷ ያለው ጭቃ፣ የጎማው ቦታ፣ ፍሪሲዮኑ የሚይዝባት ነጥብ ብቻ ነው። የእጅ ፍሬኑን አውርዳ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀችው። መኪናው አቃሰተ፣ ጭቃውን ወደኋላ ረጨ፣ ከዚያ ግንባሩን ቀና አድርጎ ወጣ። ማቆም ፈራች። ሜዳ እስክታገኝ ሄደች፤ ሜዳው ከሌላ እጥፋት በኋላ ነበር። እዚያ አቁማ፣ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገብታ ተቀመጠች።

እነሱ አልመጡም።

ጠበቀች። መንገዱ ባዶ ነው። የሱ እግር፣ ያ ዳገት፣ ያ ጭቃ ትዝ አላት። እኔ ነኝ ያወረድኩት፤ የታመመን ሰው ከመኪና አውርጄ ዳገት በእግሩ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሲቀር ልታነሳው አልተመለሰችም፤ በአንድ እግሯ ጫማ ቁልቁል ሮጠች። እጥፋቱ ጋ ስትደርስ ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ሚጣ ከዘራውን ይዛለት ፊቱ ቆማለች። ፊቱ እርጥብ ነው።

«ምን ሆንክ? ምንህን ነው? እጅህን አንሳልኝ እስቲ» አለችው፤ ሐኪሙ እንዳስተማራት ሁለቱንም እጆቹን አስነሳችው፣ ፈገግ በል አለችው።

ፈገግ አለ። አፉ ቀጥ ያለ ነበር።

«ምንም አልሆንኩ» አለ። «ስትወጪ አይቼ ነው። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ፤ ደስ ሲለኝ እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር።»

በሁለት በኩል ደግፈው አወጡት። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ነርሷ አንዲት እናት እየሸኘች ነበር። የጭቃ ክምር የመሰለውን ሚኒባስ አየችው፣ ከዚያ እናቷን ከመሪው ኋላ አየቻት፤ ነገሩ አልገጣጠም አላት። ሚጣ ከመኪናው ስትዘል ግን የያዘችውን ሁሉ ጥላ ሮጠች። ልጇን ካቀፈች በኋላ ቁጣዋ መጣ። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ መንገድ፣ አባዬን ይዛችሁ እያለች፣ እየተቆጣችም የአባቷን የደም ግፊት ትለካለች። ግፊቱ ደህና ነበር። የእናቷንም ለካችው። የከፋው የሷ ሆኖ ተገኘ፤ ጥንቄ ተጋደሚ ተብላ በራሷ እጅ የሰፋችው ፍራሽ ላይ ተጋደመች።

እዚያ ሰነበቱ። ሚጣ ከላይ ያለችውን መኝታዋን ለእናቷ ለቀቀች፤ እናቷ ብቻዬን አልተኛም ስትል ደግሞ ሁለቱም ተጣጥፈው ተኙባት። ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈሳል። ችኮላ የበየደው ሳይሆን ሾፌሩ ራሱ ሙጫ የቀባው ቦታ ነው፤ ባልዲ አስቀመጡበት። ጥንቄ ከሰው ጋር እየሳቀች ሳለ ልቧ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። መውጣት ወጣችው፤ መውረዱስ?

ሊመለሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጠዋት ተነስታ መንገዱን በእግሯ ልታይ ወረደች። ሾፌሩ ከኋላ ከዘራውን እያስቀደመ መጣ፤ እንዲደርስባት እርምጃዋን አሳጠረች። ያ ጎድጓዳ ጋ ቆሙ። ጭቃው ደርቆ ጠርዙ እንደ ሸክላ ጠንክሯል። ሾፌሩ በተራራው በኩል ጎማውን ከጠርዙ ላይ አሳልፊው አላት። እሷ ጠርዙን በተረከዟ መታችው፤ ከሥሩ ፈርፈር አለ። በጎድጓዳው ውስጥ ነው የምወርደው፣ ቢጎረብጥም ይይዘኛል አለችው። ተከራከራት፤ በዚህ ሥራ ዕድሜውን እንደፈጀ አስታወሳት። እሷም ሰምታ፣ እንደገና ጎንበስ ብላ አፈሩን ዳሰሰችው።

በማግስቱ በጎድጓዳው ውስጥ ወረደች። ሾፌሩ አጠገቧ ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ሚጣ ከኋላ እናቷ የሸለመቻትን ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ታቅፋ። ታች በደህና ደረሱ። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በጠርዙ ብትወርጂ ግን ይሻል ነበር አለ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ያን ዳገት ይወጡታል። ሰው፣ ለመድሽው አይደል ይላታል። አልለመደችውም። ሁልጊዜ በዋዜማው ምግብ አይበላላትም፤ ጠዋት ግን ቀድማ ተነስታ ጎማዎቹን በእግሯ እየመታች ትዞራለች።